የጠዋቱ ጭስ

«ገዳዩ ተይዟል፤ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው» አለ ሃምሳ አለቃ ሳኪሪያ፣ ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ እያሳረፈ።

ኢንስፔክተር ሲራድ ሻይዋን ፉት ብላ ፋይሉን ወደ ራሷ ሳበችው። ይህችን ሴት ከአሁኑ ማወቅ ይበጃል። ድሬዳዋ ለገሃሬ ተወልዳ፣ ከባቡር መካኒክ አባቷ ሥር በቅባትና በብረት መሃል ያደገች፣ ኋላ ሀርጌሳ ገብታ ፖሊስ የሆነች ሴት ናት። «ፈርሚ» ሲሏት ደሟ ይፈላል። ሳኪሪያ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ግን ቃሉ አመለጠው።

«ሟች ማን ነው?»

«ካሂን ይባላል። 26 ጁን ሰፈር ነው ቤቱ። ግቢው ውስጥ ባለች ክፍል የሞተርሳይክል ሲሊንደር ቀለም ይቀባል። ትናንት መግሪብ ላይ፣ ጀምበር ስትገባ፣ ሚስቱ ሂባቅ ከእህቷ ቤት ስትመለስ ማጅራቱ ተፈርክሶ ወለሉ ላይ ተዘርሮ አገኘችው። አብሮት የሚሠራው ኢትዮጵያዊ፣ ዓለምብርሃን፣ ሬሳው ላይ ተደፍቷል። እጁ እስከ ክንዱ ደም በደም! እጅ ከፍንጅ ማለት ይኼ አይደል?»

«ሐኪሙ ሰዓቱን ምን አለ?»

«ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ፣ ከመግሪብ በፊት። ከዚያ ወዲያ ማጥበብ አልቻለም። እኛ ግን አጥብበነዋል» አለ ሳኪሪያ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «ጎረቤቱ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ኮምፕሬሰሩ ሲጮህ ሰምቷል። ስለዚህ ሰውየው በዘጠኝ ሰዓት በሕይወት ነበር፣ እየሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉም የት እንደነበረ ምስክር አለው። ዓለምብርሃን ብቻ የለውም። ከትናንት ወዲያም ከሟች ጋር ተጣልተው ጩኸታቸውን ሰፈሩ ሰምቷል።»

«በምን መታው?»

«በከባድ ብረት።»

«ብረቱስ የታለ?»

«አልተገኘም። ጥሎታል።»

«እንዴ! ብረቱን ሄዶ ጥሎ፣ ተመልሶ መጥቶ፣ እስኪይዙት ድረስ ሬሳው ላይ ተደፍቶ ጠበቀ?»

ሳኪሪያ ጢሙን አሻሸ።

«ዐቃቤ ሕጉ ፋይሉን መቼ ይወስዳል?» አለች ሲራድ።

«ዛሬ አሱር ላይ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ።»

ሲራድ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ፋይሉ አንዴ ከእጇ ከወጣ ክሱ የነፍስ ግድያ ነው። ቅጣቱም ሞት ነው። ዓለምብርሃን እዚህ አገር ወገን የለው፣ ሽማግሌ የሚልክለት ጎሳ የለው። አሱር ላይ የሚያልቀው ቀን የእሱ ሕይወት መሆኑን አሰበችና ስኒውን አስቀመጠች።

ጠረጴዛዋ ላይ አምስት ቀን የሰነበተ ሌላ ፋይልም ነበር። ሳምሳም የምትባል ወተት ሻጭ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ውስጥ መንገድ ስትሻገር ሞተርሳይክል ገጭቷት ሞታለች። ነጂው አልቆመም። ያየችው አንዲት ሻይ ሻጭ ብቻ ስትሆን፣ እሷም «ታርጋውን አላየሁም። በነጂው እግሮች መሃል ግን ሰማያዊ ብረት ነበር» ከማለት ሌላ የጨመረችው የለም። ፖሊስ አምስት ቀን ሰማያዊ ብረት ሲፈልግ ከርሟል። ሲራድ ያንን ፋይል ገፋ አድርጋ ተነሣች።

«መጀመሪያ ሰውየውን ልየው» አለች።

ዓለምብርሃን የደሴ ሰው ነው፤ ዕድሜው ወደ ሠላሳ አምስት ይጠጋል። ከጥፍሩ ሥር ደሙ አልለቀቀም። በአማርኛ ሰላም ስትለው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ቁጭ በል፣ ወንድሜ። ሥራችሁን አስረዳኝ።»

«ሥራችንን? ስለ ጋሽ ካሂን አይጠይቁኝም?»

«እሱን ሳኪሪያ ሌሊቱን ሙሉ ጠይቆሃል። እኔ የምፈልገው ሲሊንደር እንዴት እንደሚቀባ ነው። ከሀ ጀምር።»

ሳኪሪያ በሩ ላይ ቆሞ በረጅሙ ተነፈሰ። ዓለምብርሃን ግን ስለ ሥራው ሲጠየቅ ትከሻው ቀና አለ።

«ሲሊንደር ፒስተኑ ውስጡ የሚመላለስበት ብረት ነው። ውጪው ሙቀት እንዲያወጣ በክንፍ በክንፍ ነው የሚሠራው። ያ ብረት ስንት ዓመት ዘይት ሲጠጣ ኖሯል። እና ጠዋት መጀመሪያ አሮጌውን ቀለም እንልጠዋለን፣ እናጥበዋለን፣ ራቁቱን ኦቨን ውስጥ እንከተዋለን። ይኼ የመጀመሪያው እሳት ነው። የጠጣውን ዘይት በሙሉ ይተፋል። ጭሱ አይጣል ነው!»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከምሳ በኋላ ቀለሙ ይመጣል። የፒስተኑን ቀዳዳ በጎማ ውታፍ እንደፍናለን፣ እናንጠለጥለዋለን። ቀለሙ ዱቄት ነው። በኮምፕሬሰር እንረጨዋለን፣ በኤሌክትሪክ ኃይል ብረቱ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ሁለተኛው እሳት፤ ሃያ ደቂቃ። ዱቄቱ ቀልጦ መስታወት ይመስላል።»

«የመጀመሪያው እሳት ቢቀርስ?»

ዓለምብርሃን አንገቱን ደፋ። «የተጣላነው በእሱ ነው። አንዱን ቸኩዬ ከመጀመሪያው እሳት ቶሎ አወጣሁት። ሁለተኛው እሳት ውስጥ የቀረው ዘይት ፈልቶ ቀለሙን ከሥር ገፋው፤ ፈንጣጣ የያዘው መሰለ። ጋሽ ካሂን አይቶ ተናደደና ግቢው ውስጥ ወረወረው። ‹ሥራዬን አዋረድከው!› ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ጮህኩ። ማታ ግን አብረን ራት በልተናል። ይኼን ማንም አልጠየቀኝም።»

«ትናንት ስትወጣ ስንት ሲሊንደር ትታችሁ ነበር?»

«ስድስት ጥቁር፣ ያለቁ። የደንበኛ ናቸው። ሌላ ሥራ ስላልነበረን ዙሁር ላይ ተለያየን። እኔ ከተማው ዳር፣ አያሃ ሄድኩ። የአገሬ ልጆች እነ አለሙ ቤት የሚሠሩበት ቦታ ምሳ በልቼ እስከ ዘጠኝ ተኩል ተጫወትን። ስምንት ግንበኞች ነበሩ። ከዚያ በእግሬ ከተማውን አቋርጬ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ስመለስ ስልኬን እዚያ ክፍል ረስቼ ኖሮ ልወስድ ገባሁ፣ ጋሽ ካሂን ወድቋል… ላነሣው ሞከርኩ። እትዬ ሂባቅ ገብታ ጮኸች።»

ሲራድ ማስታወሻዋን አጠፈች። «ሥራ ካልነበራችሁ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮምፕሬሰሩን ምን አስነሣው?» ብላ ጠየቀች፤ ግን ጥያቄው ለእሱ አልነበረም።

የካሂን ግቢ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ቀብሩ ጠዋት ነው የተፈጸመው። ወንዶቹ ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል፣ አንድ ሼህ ቁርዓን እየቀራ ነው። የሂባቅ ታናሽ ወንድም፣ ናጂብ የሚባል ሃያ ስምንት ዓመት ያለፈው መልከ መልካም ሰው፣ ለእንግዳ ውኃ ያድላል። ዓይኑ ደም ለብሷል፤ ማንም ቢያየው አንጀቱ ይንሰፈሰፍለታል።

ሲራድ በቀጥታ ወደ ሥራ ክፍሏ ገባች። አንድ አሮጌ የኤሌክትሪክ ኦቨን፣ አንድ ኮምፕሬሰር፣ ቤንዚን ያለበት ባልዲ፣ ግድግዳው ላይ የቧንቧ ብረት። ከብረቱ ላይ ጥቋቁር ሲሊንደሮች በሽቦ ተንጠልጥለዋል።

«ሳኪሪያ፣ ቁጠር።»

«…ስድስት፣ ሰባት።»

«ዓለምብርሃን ስድስት ነው ያለኝ።»

«ኧረ ኢንስፔክተር! ሰው የገደለ ሰው ስድስትና ሰባት ቢሳሳት ነው የሚገርምዎት?»

እሷ አልሰማችውም። አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰቻቸው። ስድስቱ ለስላሳ ናቸው፣ ፊቷን ያሳያሉ። ዳር ላይ ያለው ሰባተኛው ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ክንፎቹ ሥር ቀለሙ ጥቃቅን እብጠት አውጥቷል። ወደ ቀዳዳው ብታይ ውስጡ ንጹሕ ነው፣ ቀለም አልነካውም። የቀባው ሰው ውታፉን አልረሳም። ሲራድ እጇን ጠርጋ ወጣች።

ሂባቅ ጓዳ ውስጥ በሴቶች ተከብባ ነበር። ሴቶቹ ሲወጡ ቀና አለችና «ያን ሰው መቼ ነው የምትሰቅሉት?» አለች።

«ኢና ሊላሂ፣ እህቴ። አላህ ሰብሩን ይስጥሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የባልሽን ሥራ ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም፤ ግን አፍንጫዬ ያውቀዋል! አሥር ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በዘይት ጭስ ታፍኜ ነቅቻለሁ። መጋረጃዬ፣ ልብሴ፣ የምጋግረው ላሆህ ሳይቀር ይሸታል። መስኮት ዘግቼ፣ ‹ካሂን፣ ይኼን ኦቨን ከዚህ ግቢ አስወጣልኝ› ስለው…» ፈገግ ልትል ስትል ፊቷ ተሰባበረ። «ይስቃል። ምን እንደሚያስቀው አላውቅም፣ ይስቃል።»

«ከሰዓት በኋላስ?»

«ከሰዓት በኋላ ጭስ የለም። ያኔ የወንዶች በርጫ ነው። ጫታቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ እሱ ይረጫል፣ እነሱ እየቃሙ ያዩታል። እኔ ወደ እህቴ እሄዳለሁ። ናጂብም በርጫው ላይ አይጠፋም። ወንድሜን ካሂን እንደ ልጁ ነው የሚወደው። ለኢድ ደስ ያለውን ቀለም አስመርጦ ሞተርሳይክሉን ያሳመረለት እሱ ነው። ሰነፍ ነው እንጂ ልጁ ክፉ አይደለም፤ ከዙሁር በፊት ዓይኑን ገልጦ አያውቅም።»

«ሞተርሳይክሉ ዛሬ ግቢ ውስጥ አላየሁትም።»

«በእግሩ ነው የመጣው» አለች ሂባቅ። ሲራድ ሌላ አልጠየቀችም።

ጎረቤቱ ሀጂ ሰሀል ጥርሳቸው የተመናመነ፣ ቁጡ ሽማግሌ ናቸው። ገና ሳይጠየቁ ጀመሩ።

«የገደልኩት እኔ አይደለሁም። እንደ ሰውየው ጠረን ግን ብገድለው ኖሮ አይፈረድብኝም ነበር፣ አስተግፊሩላህ! ልጄ አስም አለባት። ጠዋት ጭሱ በግንቡ ላይ ሲመጣ ‹ካሂን፣ ይሸታል!› እላለሁ። እሱ ምን ይላል? ‹ሽቶ ነው ሀጂ፣ ይግዙን!› ይላል። በየቀኑ! አንድም ቀን ሳይመልስልኝ ቀርቶ አያውቅም።»

«ትናንት ኮምፕሬሰሩን የሰሙት በስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠኝን እንዳለፈ። አዛን ሊል ጥቂት ሲቀረው። ‹አጥፋው እንጂ፣ አዛን ደረሰ!› ብዬ በግንቡ ላይ ጮህኩበት።»

«እሱስ ምን አለዎት?»

ሽማግሌው ቁጣቸው በረደ። «ዝም አለኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ኮምፕሬሰሩ ጠፋ፣ እሱ ግን ዝም አለኝ።»

ናጂብን ድንኳኑ ጀርባ አገኘችው። አዲስ አበባ ቦሌ ሚካኤል ከእህቱ ጋር ነው ያደገው፤ አማርኛው ከእሷ ይበልጣል።

«ትናንት እዚህ መጥተህ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም። ሳምንት ሆነኝ። ትናንት ከዐሥር ሰዓት እስከ መግሪብ ማሕሙድ ሃይቤ ጓደኞቼ ጋ በርጫ ላይ ነበርኩ። ጠይቂያቸው። ከዚያ በፊት ተኝቻለሁ።»

«ሞተርሳይክልህስ?»

«ክላቹ ተቃጥሎ ቆሟል።»

«እኔ ይኼን የቀለም ሥራ አልገባኝም» አለች ሲራድ፣ ግራ የገባት መስላ። «ዓለምብርሃን ሲያስረዳኝ ይንተባተባል። አንተ ስታይ ነው የኖርከው አሉ። እስኪ ከመጀመሪያው ንገረኝ፣ ቆሻሻ ሲሊንደር ሲመጣ ምን ይደረጋል?»

ናጂብ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለዋል። «ቀላል ነው! በቤንዚን ታጥቢዋለሽ፣ ታደርቂዋለሽ። ቀዳዳውን በውታፍ መድፈን ግዴታ ነው፣ ቀለም ከገባ ፒስተኑ አይሠራም። ታንጠለጥይዋለሽ፣ ዱቄቱን ትረጫለሽ፣ ኦቨን ውስጥ ሃያ ደቂቃ። አለቀ! ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ።»

«ማሻአላህ» አለች ሲራድ። «አሁን ገባኝ።»

ከዚያ ሳኪሪያን ጎትታ ወደ መኪናው ወሰደችው። «ናጂብ ቤት ሂድ። ሞተርሳይክሉን ሸራ ለብሶ ከሆነም ገልጠህ እየው። ሌላ ሰው ደግሞ እነ አለሙን እንዲጠይቅ ወደ አያሃ ላክ። ዓለምብርሃንንም እዚህ አምጣልኝ።»

«አሱር ሊደርስ ነው እኮ።»

«ስለዚህ ነው ሩጥ የምልህ!»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ስድስት ሰው ያችን ጠባብ ክፍል ሞላት። ሂባቅ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ዓለምብርሃን በካቴና ታስሮ ሲገባ ፊቷን አዞረች። ናጂብ ከአጠገቧ ቆመ፣ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ። ሀጂ ሰሀል በሩን ተደግፈዋል። ሳኪሪያ መጨረሻ ላይ ገባና በሲራድ ጆሮ ጥቂት ቃል ተናገረ። ሁሉም አማርኛ ይሰማሉ፤ ሽማግሌውም ከጅጅጋ ዕቃ ሲያመላልሱ ነው የኖሩት። ስለዚህ ሲራድ ታሳሪው እንዲሰማ በአማርኛ ጀመረች።

«በመጀመሪያ ሰዓቱን እናስተካክል» አለች። «ኮምፕሬሰሩ ጮኸ፣ ስለዚህ ካሂን በሕይወት ነበር ብለናል። ኮምፕሬሰር ግን ማንም ቢጫነው ይጮሃል። ትናንት የሚቀባ ነገር አልነበረም። ሀጂ በግንቡ ላይ ሲጮሁ ደግሞ አሥር ዓመት ያልቀረው መልስ ቀረ። ያልመለሰላቸው ሞቶ ስለነበረ ነው። ኮምፕሬሰሩን የያዘው ገዳዩ ነው።»

ሀጂ ሰሀል «ላ ኢላሀ ኢለላህ» አሉ።

«እንግዲያው ካሂን የተገደለው ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ነው። በዚያ ሰዓት ዓለምብርሃን አያሃ፣ ስምንት ሰው መሃል ምሳ ይበላል። ግንበኞቹን አነጋግረናል። ሂባቅ እህቷ ጋ ነበረች። ምስክር የሌላቸው ሀጂና ናጂብ ናቸው። የናጂብ ምስክሮች ከዐሥር ሰዓት ነው የሚጀምሩት።»

«እኔ ተኝቼ ነበር አልኩሽ እኮ!» አለ ናጂብ።

«ብለኸኛል። ቀጥሎ፣ የተገደለበት ብረት የታለ?» ሲራድ ወደ ግድግዳው ሄዳ ሰባተኛውን ሲሊንደር ከሽቦው አወረደች። «እዚህ ነው። ሁላችንም ስናየው ውለናል። ስድስት ጥቁር መሃል ሰባተኛ ጥቁር ማን ልብ ይላል? ገዳዩ ደሙን በቤንዚን አጠበ፣ ቀባው፣ ጋገረው፣ ሰቀለው። ጎበዝ ነው! ግን እዩት።»

ለዓለምብርሃን አቀበለችው። ዓለምብርሃን በካቴና የታሰረ እጁን ክንፎቹ ሥር አስገባ፤ ወዲያው ፊቱ ተለወጠ።

«የመጀመሪያው እሳት አልነካውም» አለ። «ፈንጣጣ አውጥቷል። ጋሽ ካሂን ይኼን አይሠራም። እኔም ከዚያ ቀን በኋላ ብሞት አልሠራም።»

«ልክ ነው። የቀባው ሰው ግማሹን ሥራ ያውቃል። ውታፉን ያውቃል፣ ርጭቱን ያውቃል፣ ሃያ ደቂቃውን ያውቃል። የማያውቀው የጠዋቱን ነው። ሀጂ የጠዋቱን ጭስ በግንብ ላይ ሲሳደቡበት ኖረዋል። ሂባቅ መስኮት ስትዘጋበት ኖራለች። የጠዋቱን የማያውቅ ሰው ማን ነው? ለበርጫ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚመጣ ሰው።» ወደ ናጂብ ዞረች። «ዛሬ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረድተኸኛል። የመጀመሪያው እሳት የለበትም።»

«ረስቼው ነው!» አለ ናጂብ፣ ሳቅ እየሞከረው። «እሱን የማያውቅ አለ እንዴ? ጠዋት ስንት ጊዜ መጥቼ አይቼዋለሁ! ዋላሂ! ሂባቅ፣ ንገሪያት። አላየሁም? ንገሪያት እንጂ!»

ሂባቅ ወንድሟን ሽቅብ አየችው። ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። «አዎ፣ አይቷል» ብትል ነገሩ ይድበሰበሳል፤ እሷም ይህን ታውቃለች። ከዚያ ዓይኗ ዓለምብርሃን እጅ ላይ ወደቀ፤ ካቴናው ላይ፣ ጥፍሩ ሥር የቀረው የባሏ ደም ላይ።

«አላየህም» አለች ሂባቅ። «አላየህም፣ ናጂብ። ከዙሁር በፊት ዓይንህን ገልጠህ አታውቅም።»

ትከሻዋ ላይ የነበረው እጅ ወረደ።

«ዓለምብርሃን፣ ፋቀው» አለች ሲራድ፣ ቢላዋ እየሰጠችው።

ዓለምብርሃን ክንፎቹ ሥር ያለውን እብጠት ፋቀ። መጀመሪያ ጥቁሩ ተላጠ። ከሥሩ ቤንዚን ያላጠበው፣ ተቃጥሎ የደረቀ ቡናማ የደም ቅርፊት ወጣ። እሱም ሲነሣ ከሥሩ ሰማያዊ ታየ።

«ሰማያዊ!» አለ ዓለምብርሃን። «ይኼ የናጂብ ነው። ጋሽ ካሂን ለኢድ የቀባለት። ሰማያዊ ከዚህ ሌላ ቀብተን አናውቅም።»

«ሞተርሳይክሉ ክላቹ ደህና ነው» አለ ሳኪሪያ፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት መሬት እያየ። «ሲሊንደሩ ግን ተፈትቷል፣ የለም።»

«ከአምስት ቀን በፊት» አለች ሲራድ፣ «ሳምሳም የምትባል ወተት ሻጭ ማሕሙድ ሃይቤ ላይ ተገጭታ ሞተች። የገጫት ሰው ሞተርሳይክል ሰማያዊ ብረት ነበረው። ከተማው ሲፈልገው ፈታኸውና ለካሂን አመጣህለት፣ ‹ጥቁር ቀባልኝ› ልትል። ገዛ እጁ የቀባውን ሲያይ ገባው። ምን አለህ?»

ናጂብ ወደ እህቱ ዞረ።

«‹ቤተሰቧ ዘንድ እንሂድ› አለኝ። ‹ሽማግሌ እኔ እልካለሁ፣ አጠገብህ እኔ እቆማለሁ፣ ጎሳችን አይጥልህም› አለኝ። ‹አልሄድም› አልኩት። ‹ካልሄድክ ነገ እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ› አለና ለሽማግሌዎቹ ሊደውል ጀርባውን ሰጠኝ። ሲሊንደሩ እጄ ላይ ነበር፣ ሂባቅ። እጄ ላይ ነበር እኮ!»

«ከዚያስ ለምን ይዘኸው አልሄድክም?» አለ ሳኪሪያ።

«ሰማያዊውን ይዤ በየት ልውጣ? ከቀባሁት በኋላ ደግሞ እሳት ሆነ። ሲበርድ መጥቼ እወስደዋለሁ አልኩ።»

ሂባቅ አልጮኸችም። ተነሥታ ወንድሟ ፊት ቆመች። «አጠገብህ እቆማለሁ ነው ያለህ» አለችው። «አጠገብህ ሊቆም ነበር። ደግሞ ጠዋት ቀብሩ ላይ አፈር አለበስከው፣ ለለቀስተኛው ውኃ ቀዳህ! እኔስ በማን ላይ ጮህኩ? በማን ላይ ነው የጮህኩት?» ናጂብ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ሳኪሪያ ካቴናውን ከዓለምብርሃን እጅ ፈታ። «ይቅር በለኝ» አለው በተሰባበረ አማርኛ። የአሱር አዛን የተሰማው ናጂብን ወደ መኪናው ሲያስገቡት ነው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሲራድ ስድስቱን ሲሊንደሮች ጭና ወደዚያው ግቢ መጣች። ሰባተኛው ማስረጃ ክፍል ቀርቷል። ሂባቅ የመበለት ዒዳዋ ላይ ናት፣ ከቤት አትወጣም፤ መስኮቷ ግን ክፍት ነው። ዓለምብርሃን መሣሪያዎቹን በጆንያ እየሸከፈ ነበር።

«ወደ ደሴ ነው?» አለችው።

«ልሂድ እንጂ። እዚህ ማን ጋ እሠራለሁ?»

«ዓለምብርሃን» አለች ሂባቅ ከመስኮቱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው። «የእኔ ጩኸት ነው ያሳሰረህ። ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም።»

ዓለምብርሃን ጆንያውን አስቀመጠ። «እትዬ፣ እኔ አንቺን ብሆን እጮህ ነበር» አላት።

ሂባቅ «ኦቨኑን አሙቀው» አለች።

«ምን ልጋግርበት? ሥራ እኮ የለም።»

«ያ የወረወረው አለ አይደል? ያ የተጣላችሁበት። ግቢው ጥግ ላይ ነው። ማንም እንዳይነካው ብዬ ትቼዋለሁ።»

ዓለምብርሃን ሄዶ ከአቧራው ውስጥ አነሣው። ቀለሙን ልጦ፣ አጥቦ፣ ራቁቱን ኦቨን ውስጥ አስገባው። አልቸኮለም። ሲራድም መሄድ ሲገባት ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች፤ ጥቂት ቆይቶ የአባቷ ልብስ የሚሸተው ያ የተቃጠለ ዘይት ጠረን ግቢውን ሞላው። ጭሱ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ መጋረጃው ውስጥ ገባ። ሂባቅ መስኮቱን አልዘጋችም።

ከግንቡ ማዶ ሳል ተሰማ። ከዚያ የሀጂ ሰሀል ድምፅ መጣ፤ እንደ ወትሮው ሊቆጡ ሞክረው መሃል ላይ ተሰበረባቸው።

«ይሸታል!»

ማንም አልመለሰም። ዓለምብርሃን ኦቨኑ ፊት እንደቆመ ቀረ፣ ሲራድም መሬት መሬት አየች። ሽማግሌውም ከግንቡ ማዶ ሳይሄዱ ቆመው የሚጠብቁ ይመስላሉ።

«ሽቶ ነው፣ ሀጂ!» አለች ሂባቅ ከመስኮቱ፣ እንባዋ እየወረደ። «ይግዙን!»